የትምህርት ቤት ኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ሥልጠና፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፉት ወራት ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች በርካቶቹ የተጻፉት በትምህርት ቤቶች ውስጥ በኮሙኒኬሽንና በሕዝብ ግንኙነት ሥራ በተሰማሩ ሰዎች ነው። ጥያቄዎቹ ቢለያዩም ሁሉም የሚያጠነጥኑት ለእነዚህ ሠራተኞች በሚዘጋጀው የሙያ ማሻሻያ ዐውደ ጥናት ላይ ስለሆነ ስድስቱን መርጠን የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ሐሳባቸውንም አሳጥረን ከመልሶቻቸው ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የአንድ የትምህርት ቤቶች ስብስብ የኮሙኒኬሽን ክፍል ኃላፊ ነኝ። በየትምህርት ቤቱ የሚሠሩ 14 ባልደረቦች አሉኝ። ባለፈው ዓመት የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት አዘጋጅተን፣ የተጋበዙት ባለሙያ ስለ ኮሙኒኬሽን ምንነት፣ ዓይነቶችና ጠቀሜታ ሰፊ ገለጻ ሰጡን፤ ሁሉም ተደስቶ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የወጡት ማስታወቂያዎች ከቀድሞዎቹ በምንም አይለዩም። ዘንድሮም እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ያንኑ ስህተት እንዳልደግም ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከአዳራሹና ከተጋባዡ ባለሙያ ሳይሆን ከራሳችሁ መዝገብ ይጀምሩ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ባለፉት ሦስት ወራት ለወላጆች የላከውን ደብዳቤ፣ አጭር የስልክ መልእክት፣ በሰሌዳ የተለጠፈ ማስታወቂያና በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣ ጽሑፍ ሁሉ ይሰብስቡ። ከእያንዳንዱ ጎን ወላጁ ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ፣ ያንን አድርጎ እንደሆነና መልእክቱ ከወጣ በኋላ ምን ዓይነት ጥያቄ ተመልሶ እንደመጣ ይጻፉ። ለመጨረሻው መረጃ ከጸሐፊዎቹና ከበር ጠባቂዎቹ የተሻለ ምንጭ አያገኙም፤ ማስታወቂያው ያልመለሰውን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ በቃል ሲመልሱ የሚውሉት እነርሱ ናቸውና። የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ሲባል ብዙ ጊዜ ለሠራተኞች መጠይቅ በትኖ «በምን ርእስ መሠልጠን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይመስለናል። ሰው ግን የሚጎድለውን ሁልጊዜ አያውቀውም፤ የጻፈው ወረቀት ግን ያሳያል።

የተሰበሰበውን ሲያነቡ ችግሮቹ በባሕርያቸው የተለያዩ መሆናቸውን ያስተውላሉ። ከፊሎቹ የችሎታ ናቸው፤ ጸሐፊው ዋናውን ነገር በአራተኛው ዐረፍተ ነገር ይቀብረዋል። ሌሎቹ የአሠራር ናቸው፤ ጥሩ ሆኖ የተጻፈ ማስታወቂያ በሦስት ፊርማዎች ሲያልፍ እያንዳንዱ ፈራሚ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምርበትና የወላጁ ጉዳይ በመግቢያና በምስጋና ተከቦ ይወጣል፤ አንዳንዴም ቀኑ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ሥልጠና የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ባልደረቦችዎ ያልተለወጡት ስላልገባቸው ላይሆን ይችላል፤ የተማሩትን ሊያደርጉ የማይችሉበት አሠራር ውስጥ ተመልሰው ገብተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ርእሳነ መምህራኑን ለመክፈቻ ንግግር ሳይሆን ቢያንስ ለግማሽ ቀን አብረው እንዲሠሩ ይጋብዟቸው፤ አንድ አስቸኳይ ማስታወቂያ በስንት ሰዓት፣ በማን ፊርማ እንደሚወጣም በዚያው ይወስኑ። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በርካታ ሥልጠናዎችን የመራሁት ውሳኔ ሰጪዎቹ በሌሉበት ሲሆን ከሠልጣኞቹ ደጋግሜ የሰማሁት «ይህንን ለአለቆቻችን ንገሩልን» የሚለውን ቃል ነበር።

በዐውደ ጥናቱ ላይ እያንዳንዱ ተሳታፊ ራሱ የጻፋቸውን ሦስት መልእክቶች ይዞ ይምጣ። ገለጻው ከጠቅላላው ጊዜ ከሩብ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ቀሪው ጽሑፉን አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ይዋል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እንውሰድ፦ «ትምህርት ቤታችን የመማር ማስተማሩን ሂደት ምቹ ለማድረግ ዘርፈ ብዙ ጥረት እያደረገ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት በውኃ መስመር ላይ ባጋጠመ ብልሽት ሳቢያ በነገው ዕለት የትምህርት አገልግሎት የማይሰጥ መሆኑን እየገለጽን ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» ሥራ ላይ ሆኖ ስልኩን የሚያይ ወላጅ ከዚህ ውስጥ የሚፈልገው «ልጄ ነገ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? መቼስ ይመለሳል?» የሚለውን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ጨርሶ አልተመለሰም። «ነገ» የሚለው ቃልም መልእክቱን በማግስቱ ለሚከፍት ሰው ሌላ ቀን ይሆንበታል። እንደገና ሲጻፍ «ማክሰኞ ትምህርት የለም፤ የውኃ መስመር ተሰብሯል። ረቡዕ ትምህርት ይቀጥላል።» ይሆናል።

ይህ አጭር ጽሑፍ ክፍተቱንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ 48 ቁምፊዎች አሉት። ቁጥሩ ዋጋ አለው። አንድ አጭር የስልክ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ ከ70 አይበልጥም። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ እየተከፋፈለ ይላካል፤ ወጪውም በክፍሎቹ ብዛት ይጨምራል። ሠልጣኞች በ70 ቁምፊ ውስጥ ሙሉ መልእክት እንዲጽፉ ማድረግ ከብዙ ሰዓት ገለጻ ይልቅ የትኛው ቃል ሥራ እንዳለውና የትኛው እንደሌለው ያስተምራል።

በሁለተኛው ቀን አራት ወይም አምስት ወላጆችን ይጋብዙ። ንባብ የሚከብደው ወላጅም ከመካከላቸው ይኑር። የተሻሻለው ጽሑፍ ይነበብላቸውና «በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ፤ ምን ያደርጋሉ?» ተብለው ይጠየቁ። «ግልጽ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ በትሕትና «አዎ» ይላሉ። ሠልጣኙ የጻፈው ነገር ከሌላ ሰው አፍ ተለውጦ ሲወጣ የሚሰማበት ያ ቅጽበት፣ በእኔ እምነት፣ ከዐውደ ጥናቱ ሁሉ እጅግ ዋጋ ያለው ነው። ሰው ሲመለስም ከምስክር ወረቀቱ ጋር ርእሰ መምህሩ የተስማሙበትና በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ላይ የሚውል ቢያንስ አንድ የመልእክት ቅጽ ይዞ ይመለስ።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ቃል አቀባይ ነኝ። «የቀውስ ጊዜ ኮሙኒኬሽን» በሚል ርእስ ሠልጥኛለሁ፤ ሥልጠናው ግን በአብዛኛው የቀውስ ትርጉምና ደረጃዎች ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቤተ ሙከራ ትንሽ እሳት ተነሥቶ ማንም ሳይጎዳ ሲጠፋ የመጀመሪያውን መልእክት ያወጣነው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወላጆች በሩን ሞልተውት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በሥልጠና መለማመድ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ መለማመድም ግድ ነው። የሚያስፈልገው የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ነው። አሠልጣኙ አንድ ክስተት ያዘጋጅና በየአሥር ደቂቃው አዲስ ወረቀት ይሰጣል። በመጀመሪያው ወረቀት «በቤተ ሙከራ ጭስ ታይቷል» ይላል። በሁለተኛው አንድ ተማሪ ያነሣው ተንቀሳቃሽ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ መሰራጨቱ ይነገራል። በሦስተኛው ጋዜጠኛ ይደውላል፤ በአራተኛው ደግሞ «ሁለት ልጆች ሞተዋል» የሚል ሐሰተኛ ወሬ ይመጣል። ርእሰ መምህሩ በዚያ ሰዓት ስልካቸው እንደማይነሣ አድርጎ ማዘጋጀትም ተገቢ ነው፤ በእውነተኛው ቀን የሚያጋጥመው ይኸው ነውና። ተሳታፊዎች በሰዓት እየተለኩ መልእክቱን ይጽፋሉ፣ ማን እንደሚፈርም ይወስናሉ፣ ይልካሉ። አብዛኛው ቡድን መዘግየቱን የሚያየው በጽሑፉ ላይ ሳይሆን በፈቃዱ ላይ ነው። የእናንተንም ሁለት ሰዓት የበላው ይህ ይመስለኛል።

ስለ ይዘቱ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከላት የቀውስ ጊዜ ኮሙኒኬሽን መመሪያ የሚጀምርባቸው ሦስት መርሖች ለትምህርት ቤትም በቀጥታ ይሠራሉ፦ ቀዳሚ ሁን፣ ትክክል ሁን፣ ታማኝ ሁን። ቀዳሚ መሆንና ትክክል መሆን የሚጋጩ ይመስላሉ። የሚታረቁት የምታውቁትን ብቻ በመናገር፣ ገና ያልተጣራውን «አልተጣራም» በማለትና ቀጣዩን መረጃ የምትሰጡበትን ሰዓት በመቁረጥ ነው። «በቤተ ሙከራ እሳት ተነሥቶ ጠፍቷል። ተማሪዎች በሜዳው ከመምህራን ጋር ናቸው። የተጎዳ ስለመኖሩ እያጣራን ነው። በ5፡30 እንጽፋለን።» የሚል መልእክት በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊወጣ ይችል ነበር። በ5፡30 ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «አዲስ ነገር የለም» ብሎ መጻፍ ይገባል። ቃል የተገባበት ሰዓት በዝምታ ካለፈ የሚቀጥለውን መልእክት የሚያምን አይኖርም።

በቀውስ ኮሙኒኬሽን ጥናት የታወቁት ቲሞቲ ኩምስ ቅደም ተከተሉን በግልጽ አስቀምጠዋል፦ መጀመሪያ ሰዎች ራሳቸውን ከጉዳት እንዲጠብቁ የሚያስችል መመሪያ፣ ቀጥሎ ሐዘናቸውንና ጭንቀታቸውን የሚያቀልል ማብራሪያና አዘኔታ፣ የተቋሙ ስም ጉዳይ ከእነዚህ በኋላ። በልምምዱ ላይ የሚጻፉትን ረቂቆች በዚህ ሚዛን ይመዝኗቸው። ብዙዎቹ በትምህርት ቤቱ መልካም ስም ሲጀምሩ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ በሥልጠና ላይ «ፎቶ ብዙ ተመልካች ይስባል» ስለተባልን በየቀኑ የተማሪዎችን ፎቶ መለጠፍ ጀመርን። አንዲት እናት ልጃቸው ሳይጠየቅ ምስሉ በመውጣቱ አጥብቀው ተቆጡ። ሥልጠናው ስለዚህ ምንም አላነሣም ነበር። ሊያነሣ ይገባው ነበርን?

መልስ፦ በሚገባ። ይህን ያላነሣ ሥልጠና ሠራተኛውን ለጥፋት አዘጋጅቶ ላከ ማለት ነው። እናቲቱም መቆጣታቸው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የሕፃኑን የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንደ ዕድሜውና ብስለቱ እንዲሰማ ያዛል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ሕፃናት የግል መረጃቸውን በተመለከተ የተለየ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋቸው ይገልጻል። አገሮች በዝርዝሩ ይለያያሉና አሠልጣኙ የእናንተን አገር ሕግ ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት።

ሕጉን ማንበብ ብቻውን ግን ዓይን አይከፍትም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ቀደም ሲል የለጠፋቸውን ሃያ ፎቶዎች ያውጣና የማያውቀው ሰው ከእነርሱ ስለ ልጁ ምን ሊያውቅ እንደሚችል ይጻፍ። በደረት ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ ስሙን ይናገራል፤ ከጀርባ የተለጠፈው የክፍል ፕሮግራም መቼ የት እንደሚገኝ ይናገራል፤ የአገልግሎት መኪናው ላይ የተጻፈው መስመር የሚኖርበትን ሰፈር ይጠቁማል። በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ስለሚችልም ፋይሉ እንዳለ ሲላክ ያ መረጃ አብሮ ይሄዳል። ይህን ልምምድ የሠራ ሰው ከዚያ በኋላ ፎቶ ሲመርጥ አስተያየቱ ይለወጣል።

የፈቃድ ቅጹም በሥልጠናው ላይ መሻሻል አለበት። በምዝገባ ቀን ከብዙ ወረቀቶች መካከል የተፈረመ «ፎቶ መነሣት ይፈቀዳል» የሚል አንድ መስመር በቂ አይደለም። ለግቢው ሰሌዳ፣ ለታተመ መጽሔት፣ ለድረ ገጽ፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ እየተለየ ይጠየቅ፤ ፈቃዱን መልሶ ማንሣት እንደሚቻልና እንዴት እንደሚነሣም ይጻፍበት። ወላጁ ፈቅዶ ልጁ «አልፈልግም» ካለ ፎቶው አይወጣም። በዚህ ላይ የማመነታ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ኃላፊዬ የሥልጠናው ጊዜ በሙሉ በግራፊክስ ዲዛይን ሶፍትዌር ላይ እንዲውል ይፈልጋሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሶፍትዌሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ሰው በየራሱ ጊዜ ከሚለማመድበት ቪዲዮ ሊማረው ይችላል፤ የጋራ ጊዜ በዚህ ማለቅ የለበትም። ከዲዛይን ጉዳይ በጋራ ሊታይ የሚገባው ተደራሽነት ነው። ማስታወቂያን ሙሉ በሙሉ በምስል ላይ ጽፎ መለጠፍ ለዐይነ ስውራን ወላጆች በሩን መዝጋት ነው፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደር በምስል ውስጥ ያለውን ቃል በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያነብ አይችልምና፣ ዋናው መልእክት ከምስሉ ጎን በጽሑፍ ይቀመጥ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በፊደሉና በዳራው መካከል ያለው የብሩህነት ንጽጽር ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። በነጭ ላይ የተጻፈ ቢጫ ይህን አያሟላም። ሁለት ሰዓት ለዚህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሥልጠና በጀት ስጠይቅ «ባለፈው የተሰጠው ምን ውጤት አመጣ?» ተብዬ መልስ አጣሁ። ያለኝ ተሳታፊዎች በመጨረሻው ቀን የሞሉት የአስተያየት ቅጽ ብቻ ነው። ምን ልለካ?

መልስ፦ የጠየቁዎት ሰው ተገቢውን ጥያቄ ነው የጠየቁት። ዶናልድ ከርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች የሥልጠና ግምገማን በአራት ደረጃ ከፍለውታል፦ ሠልጣኙ ተደሰተ ወይ? ተማረ ወይ? በሥራው ላይ የሚያደርገው ተለወጠ ወይ? ተቋሙስ ምን ውጤት አገኘ? በእጅዎ ያለው ቅጽ የመጀመሪያውን ብቻ ይመልሳል። ሰው መደሰቱ መማሩን አያሳይም፤ መማሩም ማድረጉን አያረጋግጥም።

ሦስተኛውን ደረጃ ለመለካት ከሥልጠናው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ የወጡ አሥር አሥር መልእክቶችን ቀናቸውን ሸፍነው ደባልቀው ሥልጠናውን ላልተካፈለ ሰው ይስጡ። ያ ሰው ዋናው ጉዳይ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መገኘቱን፣ ቀንና ሰዓት መሟላቱን፣ ወላጁ ማድረግ ያለበት ነገር መታወቁን ብቻ ይመዝን። አራተኛው ደግሞ ከቢሮው ስልክ አጠገብ ባለ ደብተር ይለካል፤ አንድ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ያንኑ ጉዳይ ለመጠየቅ ስንት ሰው ደወለ? የተጠየቀውን ቅጽ በቀነ ገደቡ የመለሱት ወላጆችስ ከመቶ ስንት ናቸው? የተከታይና የ«ወደድኩት» ቁጥር ለዚህ አያገለግልም፤ ፎቶውን የወደደው ሰው የልጁን የክትባት ቅጽ አልመለሰ ይሆናል።

ከሥልጠናው በኋላ ያለው ጊዜ እንዲታሰብበትም እለምንዎታለሁ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙትና በራሳቸው ላይ ባደረጉት ሙከራ የተጠና ነገር ካልተደገመ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚረሳ አሳይተዋል። በጀቱ የሁለት ቀን ከሆነ አንዱን ቀን አሁን፣ ሌላውን ግማሽ ቀን ከወር በኋላ፣ ቀሪውንም ግማሽ ቀን ከሦስት ወር በኋላ ያድርጉት። ያን ጊዜ ሠልጣኞቹ የሞከሩትንና ያልሆነላቸውን ይዘው ስለሚመጡ ጥያቄያቸው የጠራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር ነኝ፤ የኮሙኒኬሽኑ ሥራ ደግሞ ተደርቦ ተሰጥቶኛል። ለሥልጠና የሚልከኝ የለም፤ በጀትም የለም። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሳነብ አዝኛለሁ፤ የእርስዎ ዓይነት ብዙዎች እንዳሉም አውቃለሁና። ይህ ሥራ ማንም በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራው ተደራቢ ሥራ ተደርጎ መታየት አልነበረበትም። በአሜሪካ የትምህርት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ሙያው ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ እዚያ ከታወቀ ዘመናት ተቆጥረዋል። ማኅበሩ የሚያስተምረው አካሄድ አራት እርምጃ አለው፦ ማጥናት፣ ማቀድ፣ መፈጸም፣ መገምገም። ተደራቢ ሥራ የያዘ ሰው ጊዜ ስለሚያጥረው ሦስተኛውን ብቻ ሲሠራ ይኖራል።

በአካባቢዎ ካሉ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ አራት ወይም አምስት ሰዎች ይፈልጉ። በወር አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ተገናኙ። እያንዳንዱ በዚያ ወር የጻፈውን አንድ መልእክት ያልተሳካለትን መርጦ ይዞ ይምጣ፤ የተሳካውን ማሳየት ደስ ቢልም ብዙ አያስተምርም። ጸሐፊው ዝም ብሎ ይቀመጥና ሌሎቹ እንደ ወላጅ ሆነው አንብበው የተረዱትን ይናገሩ፤ እርሱ ማብራራት የሚጀምረው ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ወላጅ ቤቱ ሆኖ ሲያነብ ጸሐፊው አጠገቡ ቆሞ አያብራራለትምና። ከዚያ በኋላ አብራችሁ አስተካክሉት፤ የተስተካከለውንም በጋራ ማኅደር አስቀምጡ። በዓመቱ መጨረሻ ስለ ስብሰባ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ድንገተኛ መዘጋት፣ ስለ ሐዘን የሚሆኑ በወላጅ ጆሮ የተፈተኑ ቅጾች ይኖሯችኋል።

ለርእሰ መምህርዎ የሚያቀርቡት ጥያቄም በዚያን ጊዜ ይቀልልዎታል። ገንዘብ ከመጠየቅዎ በፊት በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከማስተማር ነጻ እንዲሆኑ ይጠይቁ፤ የማኅደሩንም ቅጂ አብረው ያቅርቡ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ካደረጋችሁ በኋላ ይጻፉልን፤ ከገጠማችሁ ችግር ተነሥተን በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።